የእቴቴን ብር ላቅልጠው? ከየካ አባዶ ለመጣ ጥያቄ የጌጣጌጥ ባለሙያ ምላሽ

ጠያቂዋ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር ወጣት ነች። ያሳደገቻት አክስቷ ናት። «እቴቴ» ነው የምትላት። አክስቷ ከባቲ መጥታ ዕድሜዋን አዲስ አበባ የኖረች ሴት ነበረች፤ ከሁለት ዓመት በፊት አርፋለች። ደብዳቤዋን አሳጥሬ አቅርቤዋለሁ።

«ጋሼ፣ እቴቴ አንድ የብር ድሪ፣ አራት አምባርና ማርትሬዛ የሚባለውን የድሮ የብር ሳንቲም ጥቂት ትታ አልፋለች። ሊጥ ስታቦካ የአምባሮቿ ድምፅ እስከ ደጅ ይሰማ ነበር። አሁን በስሟ፣ ፎቶዋንም ካርድ ላይ አትሜ፣ የእጅ ሥራ ጌጣጌጥ ልጀምር ነው። ጨሌ መደርደር ከልጅነቴ እችላለሁ። ብሯን አቅልጬ የመጀመሪያዎቹን ጌጦች ብሠራበት ለእያንዳንዱ ገዢ ከእሷ ቁራጭ ይደርሰዋል ብዬ አሰብኩ። ሰው ደግሞ የጥይት ቀለሃ አቅልጪ፣ ፈረንጅ ይወደዋል ይለኛል። ከየት ልጀምር? ሱቅስ ልከራይ?»

የኔ እህት፣ ፈጣሪ ነፍሷን በገነት ያኑርልሽ። ከሁሉ በፊት ብሩን ወደ ሳጥኑ መልሺው። አይቅለጥ።

ሐሳብሽ ከፍቅር የመጣ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ድሪው ሲቀልጥ የሚቀርሽ ጥቂት ግራም ብረት ነው። አሁን በእጅሽ ያለው ግን የሰው እጅ ነው። አንድ አንጥረኛ ቀለበት በቀለበት አያይዞ፣ ጫፉን በየዳ፣ መዶሻውን የት ጠበቅ የት ላላ እንደሚያደርግ እያወቀ የሠራው ነው። ባቲ የሰኞ ገበያዋ ለጌጥ የታወቀ ከተማ ናት። የዚያ አገር ሥራ እጅሽ ላይ ካለ አስተማሪ እጅሽ ላይ አለ ማለት ነው። አስተማሪ አይቀለጥም።

በስሌትም ብናየው አያዋጣሽም። ማርትሬዛ 28 ግራም ያህል ትመዝናለች። ከ1000 እጅ 833ቱ ብር ነው፤ የቀረው በአብዛኛው መዳብ። ስለዚህ አንዷ ማርትሬዛ 23.4 ግራም ያህል ንጹሕ ብር አላት። ዛሬ ገዢ የሚያውቀው ብር 925 ነው፤ ከ1000 እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር የሆነ ማለት ነው። አንዷን ማርትሬዛ ወደ 925 ለማድረስ 34 ግራም ያህል ንጹሕ ብር ገዝተሽ መጨመር አለብሽ። ከሳንቲሟ ክብደት በላይ ማለት ነው! ሳትጨምሪ አቅልጠሽ 925 የሚል ማኅተም ብትመቺበት ደግሞ ውሸት ይሆናል። በነገራችን ላይ አብዛኛው ማርትሬዛ ላይ ያለው ዓመት 1780 ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርተ ዓመታት የተመቱትም ያንኑ ዓመት ይዘው ነው የወጡት። ስለዚህ ዓመቱን አይቶ «የ200 ዓመት ዕቃ ነው» የሚልሽን አትመኚ።

ሌላም አለ፤ ይህን ስጽፍ እያሰብኩልሽ ነው። እቴቴ የወለደቻቸው ልጆች አሏት? ካሏት ብሩ የእነሱም ነው። ፎቶዋን ካርድ ላይ ማተምና ስሟን መሸጥ ደግሞ ከብሩ የባሰ ስሜት የሚነካ ነገር ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ዛሬ ቡና አፍልተሽ ጥሪያቸውና ሐሳብሽን ንገሪያቸው። ፎቶው ላይ ከተስማሙ አጠር ያለች ወረቀት ላይ ይፈርሙልሽ። ሥራው ሲያድግ የሚመጣውን ቅሬታ ያን ዕለት ዘጋሽው ማለት ነው።

ዕቃዎቹን በሎሚም በጥርስ ሳሙናም እንዳትፈትጊያቸው። በጎድጓዳው ውስጥ ያለው ጥቁረት ቅርጹን የሚያወጣው እሱ ነው። ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በሚወዱት ሰው ስም ጌጥ የሚጀምሩ ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ ፍቅሩን ካርዱ ላይ ይጽፉታል። ጌጡ ግን ከመርካቶ በኪሎ የተገዛ ጨሌ ነው፤ ማንም ሊሠራው የሚችል። ገዢው ካርዱን አንብቦ «ውይ ደስ ሲል» ይላል፣ ከዚያ ያልፋል። እኔ የምልሽ እቴቴ ዕቃው ላይ ትታይ ነው። ካርዱ ቢጠፋም ጌጡ የእሷ መሆን አለበት።

እንዴት? መልሱ ደብዳቤሽ ውስጥ አለ። «የአምባሮቿ ድምፅ እስከ ደጅ ይሰማ ነበር» ብለሻል። ቁም ነገሩ እሱ ነው። አንድ አምባር ብቻውን አይሰማም። ድምፅ የሚወጣው ሁለቱ ሲጋጩ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ምርትሽ ጥንድ የነሐስ አምባር ይሁን። ነጠላውን አትሽጪ። «አንዱን ብቻ» የሚል ገዢ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ለምን ጥንድ እንደሆነ ንገሪው። እቴቴ በዚህ መንገድ ዕቃው ውስጥ ገባች ማለት ነው።

ድምፁ ደግሞ ዝም ብሎ አይመጣም። ይሄ የሙያ ነገር ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። በእሳት ቀይ ሆኖ የቀዘቀዘ ነሐስ ለስላሳ ነው። በእጅ ይታጠፋል፣ ሲመታም ድምፁ ደንዛዛ ነው። መዶሻ ሲያርፍበት ግን እየጠጠረ ይሄዳል፤ ድምፁም እየጠራ ይመጣል። አንጥረኛው ለማጠፍ እንዲመቸው ያሞቀዋል። ሥራው ካለቀ በኋላ ዙሪያውን በቀላል መዶሻ እንዲደበድብልሽ ካልነገርሽው እዚያው ላይ ያቆመዋል። ስለዚህ «መጨረሻ ላይ ቀዝቃዛውን ቀጥቅጥልኝ» በይው። ከዚያ ሁለቱን በክር አንጠልጥለሽ አጋጪያቸው። ወዲያው ትለዪዋለሽ። ውፍረታቸው ትንሽ ከተለያየ ደግሞ ድምፃቸውም ይለያያል፤ እኔ እንደዚያ ሲሆን ደስ ይለኛል። ያንቺን ጆሮ ግን የእቴቴ አምባር ነው የሚዳኘው።

ልኩን በእጅ አንጓ አትለኪ። አምባር የሚያስቸግረው ሲገባ ነው። አውራ ጣትን ወደ መዳፍ አስገብቶ እጅን ጠበብ አድርጎ፣ ሰፊው ቦታ ላይ በሜትር መለካት ነው። 20 ሴንቲ ከመጣ ለ3.14 አካፍይው፤ የውስጡ ስፋት 6.4 ሴንቲ ያህል ይሆናል። ሦስት ልክ ያዢ፤ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ። ለጀማሪ ከዚያ በላይ ዝርዝር ራስ ምታት ነው።

አንጥረኛው ዘንድ ስትሄጂ የእቴቴን አምባር ይዘሽ አትሂጂ። ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጠሽ፣ ማስመሪያ አጠገቡ አድርገሽ፣ ከላይም ከጎንም ፎቶ አንሺው። በግራም ሚዛን መዝኚው። ውፍረቱን ለኪ። ሥዕሉንና ቁጥሩን ይዘሽ ሂጂ። ዓይንሽን ለማስፋት ደግሞ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም እዪው። መስቀሉን፣ ጌጡን ከቅርብ ታያለሽ። ዝም ብለሽ አትዙሪ፤ አንድ ዕቃ መርጠሽ ንደፊ።

ስለ ቀለሃው። እንጦጦ ግርጌ ቀድሞ እንጨት ይሸከሙ የነበሩ ሴቶች ከቀለጠ ቀለሃ ጨሌ ሠርተው ይተዳደሩበታል፣ ሥራቸውም የሚያምር ነው። ግን ያ የእነሱ ታሪክ ነው። እቴቴና ጥይት ምን አገናኛቸው? ገበያ አለው ተብሎ የሰው ታሪክ አይወሰድም። ከወደድሽው ጨሌውን ከእነሱ ግዢና «እንጦጦ የተሠራ» ብለሽ ጻፊበት።

ቤትሽ ውስጥ ደግሞ በምንም ተአምር እንዳታቀልጪ። ቀለሃ መዳብና ዚንክ ነው። ዚንክ 907 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ነሐስ የሚቀልጠውም ወደዚያው አካባቢ ነው። ሲቀልጥ የሚወጣው ነጭ ጭስ እሱ ነው። ያንን የተነፈሰ ሰው ማታ ላይ ወባ የያዘው ይመስል ይንቀጠቀጣል፣ ያተኩሰዋል። ቀለሃው ቂጥ ላይ ያለችው ማቀጣጠያ ደግሞ እርሳስ ሊኖርባት ይችላል። አራተኛ ፎቅ፣ የተዘጋ ኩሽና፣ ጎረቤት ሕፃናት። አይሆንም። የጋዝ ብየዳም እንደዚያው። እሳት የሚነካውን ሥራ በሙሉ ለአንጥረኛ ስጪ። አንቺ ቤት ውስጥ የምትሠሪው መሞረድ፣ ማለስለስ፣ ጨሌ መደርደር፣ ማሸግ ነው። ወርቅ ቅብ የሚያስፈልግሽ ከሆነም በሜርኩሪ ከሚቀባ ሰው ራቂ። የድሮ መንገድ ነው፤ መርዝ ነው።

የጨሌው ሥራ ላይ እጅሽ የተፈታ ስለሆነ ብዙ አልልሽም። ክር የሚበጠስበትን ቦታ ብቻ ላሳይሽ። በእጅ የተሠራ የብረት ጨሌ ቀዳዳው ጫፍ ላይ ስለት አለው። በዓይን አይታይም። ቀጭን መርፌ አስገብተሽ ዙሪያውን ብታሽከረክሪ ሲይዝሽ ይታወቅሻል። ያ ስለት በየእርምጃው ክሩን ይገዘግዛል። ከሁለት ወር በኋላ ደንበኛዋ ታክሲ ውስጥ ጨሌው ይበተንባታል፤ ስልኳን የምታነሳው አንቺ ላይ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ቀዳዳ በክብ ሞረድ ጠርጊው። በየጨሌው መካከል ቋጠሮ አድርጊ፤ ቢበጠስም የሚወድቀው አንድ ነው። ያለቀውን ሐብል ግማሽ ሊትር ውኃ የያዘ ሃይላንድ አንጠልጥለሽበት ይደር። ጠዋት ቋጠሮው ከተንሸራተተ አይሸጥም።

ጉትቻ ላይ ገንዘብ አትቆጥቢ። ርካሹ መንጠልጠያ ኒኬል አለበት፤ ጆሮ ያሳክካል፣ ያቆስላል። ጌጡ ነሐስ ቢሆንም ጆሮ ውስጥ የሚገባው 925 ብር ወይም ቲታኒየም ይሁን። ነሐስ የአንዳንድ ሰው ቆዳ ላይ አረንጓዴ ነገር ይተዋል። ከመዳቡ ነው፣ ጉዳት የለውም፣ በሳሙና ይለቃል። ግን ከመሸጥሽ በፊት ተናገሪ። ደንበኛ ቀድሞ የሰማውን ነገር ይቅር ይላል።

የወሎ ነገር ማስገባት ካማረሽ ኦፓል አለልሽ። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ወገል ጤና አካባቢ፣ ደላንታ ላይ የሚወጣው ድንጋይ ነው። ውበቱ ልዩ ነው፣ ጠባዩ ግን አስቸጋሪ። ውኃ ይጠጣል። ሲጠጣ ቀለሙ ይጠፋና እንደ መስታወት ይሆናል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። ቅባትና ሽቶ ከጠጣ ግን ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ ፀጉሯን ቅቤ የምትቀባ ሴት ጉትቻ ላይ ብታደርጊው ታዝኚያለሽ። ለቀለበትም አይመችም፤ ከጠንካራ ነገር ጋር ሲጋጭ ይሰነጠቃል። ደረት ላይ የሚንጠለጠል ይሁን። የተቆረጠና የተወለወለውን፣ ፈቃድ ካለው ነጋዴ፣ በደረሰኝ ግዢ። ጥሬ የከበረ ድንጋይ መገበያየት የራሱ ፈቃድ አለው፤ አሁን አትግቢበት። ኦፓሉ ራሱም ለሁለተኛው ዙር ይቆይ ባይ ነኝ።

ዋጋ ላይ እህቶቼ ሁሉ የሚወድቁበትን ቦታ አውቀዋለሁ። የዕቃውን ዋጋ ይደምራሉ፣ ትንሽ ይጨምራሉ፣ በቃ። የራሳቸውን ጉልበት አይቆጥሩም። በተለይ የሚወዱት ሰው ስም ያለበት ሥራ ሲሆን «ገንዘብ መጠየቅ ነውር ነው» የሚል ነገር ልብ ውስጥ ይገባል። አይግባ። እቴቴ ሠርታ ነው ያሳደገችሽ።

ለስሌት ያህል እንዲህ እንበል። ለአንድ ጥንድ አምባር ነሐስ 300 ብር፣ ለአንጥረኛ 400፣ ያንቺ ሁለት ሰዓት በ120 ሒሳብ 240፣ ማሸጊያና ካርድ 60፣ ትራንስፖርት 50። ድምሩ 1050። የሚበላሽ ስለማይጠፋ 1100 በይው። በዚህ ላይ 20 በመቶ ትርፍ፣ 1320። ሱቅ ያለው ሰው «ሸጬ እከፍልሻለሁ» ብሎ ወስዶ 30 በመቶ የሚቆርጥ ከሆነ፣ 1320 እጅሽ እንዲገባ መለጠፍ ያለብሽ 1900 ገደማ ነው። ቁጥሮቹን በራስሽ ቁጥር ተኪያቸው፣ መንገዱ ግን ይሄው ነው። ሱቅ 1900 ሲሸጥ አንቺ በቴሌግራም 1400 እንዳትሸጪ። ባለሱቁ ባወቀ ቀን ዕቃሽን ይመልሳል።

ትራንስፖርቱን 50 ብቻ ያልኩት ለብዙ ጥንድ ተካፍሎ ነው። ከየካ አባዶ በመገናኛ መርካቶ ደርሶ መመለስ ቀን ይበላል። ስለዚህ ለአንድ ክር ብለሽ አትውጪ። ዝርዝር ያዢ፤ አንጥረኛውንም፣ ጨሌውንም፣ ካርቶኑንም በአንድ ቀን ጨርሺ። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ዋጋው አልረጋም። ትዕዛዝ ስትቀበዪ ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸና ጻፊበት፣ ግማሹን በቴሌብር ቅድሚያ ተቀበዪ።

መሸጡ ላይ ከሰው የተሻለ ነገር አለሽ፤ ድምፅ። ቲክቶክ ላይ ስትለጥፊ ሙዚቃ አትጨምሪበት። እጅ ሊጥ ሲያቦካ፣ አምባሩ ሲጋጭ፣ ሌላ ምንም። ካርዱ ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃሻል። ለምሳሌ፦ «አክስቴ ስትሠራ የአምባሮቿ ድምፅ ይሰማ ነበር። ጥንድ የሆነው ለዚያ ነው።» ስለ ሞቷ፣ ስለ ሕመሟ ለገዢ አትንገሪ። ሰው አዝኖልሽ አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ወዶት ከገዛ ግን እህቱን ይዞ ይመጣል። ወራቱንም እወቂ። ጥር የሠርግ ወር ነው፣ ከፋሲካ በኋላም እንደዚያው። ለጥር የሚሆነውን ኅዳር ላይ ካልጀመርሽ አንጥረኛው ወረፋ ይዞብሽ ታለቅሻለሽ።

ስሙ ላይ አንድ ሐሳብ ልስጥሽ። ድርጅቱን በሙሉ «እቴቴ» አትበይው። ለጥንድ አምባሩ ብቻ ስጪው። ድርጅቱ ሌላ ስም ይኑረው። ነገ እሷ የማታደርገውን፣ የወጣት የሆነ ነገር መሥራት ትፈልጊያለሽ። አንድ ቀን ደግሞ የተናደደ ደንበኛ ስሙን ጠርቶ ክፉ ይጽፋል፤ የእሷ ስም ሆኖ ብታነቢው ያምሻል። በዚያ ላይ እቴቴ ብዙ ቤት ውስጥ ያለ መጠሪያ ስለሆነ ብቻሽን ልትይዢው ይከብዳል። ለድርጅቱ የመረጥሽው ስም ንግድ ምዝገባ ስትሄጂ ይጣራልሻል። እሱ ግን የንግድ ምልክት ጥበቃ ማለት አይደለም። ምልክቱን የሚመዘግበው የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው፤ ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፣ ይታደሳል። ዘንድሮ አያስቸኩልሽም፣ ሥራው ሲታወቅ ግን አትዘግዪ።

ንግድ ፈቃዱና የግብር ከፋይ ቁጥሩ ግን ከአሁኑ ይውጣ። የካ አባዶ ስለሆንሽ ጉዳይሽ በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ነው። ባዛር ላይ ድንኳን ስትጠይቂም፣ ደረሰኝ የሚፈልግ ድርጅት ስጦታ ሲያዝሽም ፈቃዱን ይጠይቁሻል።

ሱቅ አሁን አትከራዪ። የኮንዶሚኒየም ሱቅ ኪራይ በየወሩ ይመጣል፤ ጥንድ አምባር በየወሩ እኩል አይሸጥም። 12 ጥንድ አሠሪ፣ ከሦስቱ ልክ አራት አራት። ለዘመድ አትስጪ፣ ለማያውቅሽ ሰው ሽጪ። የትኛው ልክ ቀድሞ እንዳለቀ፣ ማን እንደመለሰና ለምን እንደመለሰ ደብተር ላይ ጻፊ። በበዓል ባዛር ላይ ነጠላ ወይም ቀሚስ ከምትሸጥ ሴት ጋር ድንኳን ተጋሪ። ጨርቅ ልትለካ የመጣች ሴት እጇን ትዘረጋለች፤ አምባሩን የምታስለኪያት ያን ጊዜ ነው።